መጀመሪያ የራሳችንን ክፍለ ጊዜ እንቅረጽ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፤

የብዙዎቻችን ስልክ ተከፍቶ በማያውቅ ፋይል ተጨናንቋል። አጋዥ መጽሐፍ፣ የፈተና ጥያቄ፣ «በኋላ አየዋለሁ» ተብሎ የተቀመጠ ቪዲዮ። አሥር የመምህራን ቻናል መከተል ብቻውን የማንንም ማስተማር አያሻሽልም። የሚያሻሽለው አንድ ነገር ክፍል ውስጥ ተሞክሮ፣ ውጤቱ ታይቶ፣ ተስተካክሎ እንደገና ሲሞከር ነው።

ስለዚህ ማስተማራችንን ለማሻሻል ከኢንተርኔቱ በፊት የስልካችንን ካሜራ እናስቀድምና ስናስተምር ራሳችንን እንቅረጽ፤ ይህ ዳታ እንኳ አይፈልግም። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ከክፍሉ መጨረሻ ካስቀመጣችሁት ሰሌዳው ይታያል፤ ድምፃችሁ ግን በአቅራቢያው ባለ የወንበር ጩኸት ይዋጣል። መሃል ረድፍ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ቢያዞር ይሻላል፤ የተማሪዎችንም ፊት ብዙ አያሳይም። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አትቅረጹ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በ1080 ጥራት አንድ ደቂቃ እንደየስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ግድም ስለሚወስድ፣ ቦታ የሚያጥራችሁ ጥራቱን ወደ 720 ዝቅ አድርጉት። ድምፅ ብቻ መቅዳትም ለመጀመሪያው ያህል በቂ ነው።

መጀመሪያ ስታዩት ዓይናችሁ ከራሳችሁ አቋቋምና ድምፅ ላይ አይነሳም። እሱ ይለፍላችሁና ሁለተኛ ስታዩት አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም አላችሁ? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን በአብዛኛው ከ1 ሰከንድ በላይ እንደማይታገሡ፣ ትዕግሥቱ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና መልስ የማይሰጡት ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይታለች። ተማሪው ከመለሰ በኋላ ያለው ዝምታም ያው ነው። «ጎበዝ!» ብለን ወዲያው ስንዘጋው ሌሎቹ ማሰብ ያቆማሉ። ይህን ማንም አሠልጣኝ ቢነግረን አናምንም፤ ቪዲዮው ላይ ስናየው ግን ክርክር የለውም።

አሁን ወደ ማህበራዊ ሚዲያው። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይይዛል፤ እንዲህ ባለ ግሩፕ ውስጥ ግን «ክፍልፋይ እንዴት ላስተምር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ዝምታ ያገኛል፣ ወይ ባለ መቶ ገጽ ፋይል ይላክለታል። ጥያቄው ራሱ ሥራ ይፈልጋል። የክፍል ደረጃውን፣ ተማሪዎቹ የጻፉትን፣ እናንተ የሞከራችሁትንና ያልሠራውን አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ተማሪዎቼ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ይጽፋሉ። ደንቡን ደግሜ አሳየኋቸው፤ በሳምንቱ ያው ሆነ።» ለዚህ ቁም ነገር ያለው መልስ ይመጣል። አንዱ ባልደረባ «2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለህ ጠይቃቸው» ሊል ይችላል። ተማሪው ሁለት ነገር ደምሮ ከአንዱ ያነሰ ማግኘቱን ራሱ ሲደርስበት፣ ደንቡን የሚሰማበት ጆሮ ያኔ ይከፈታል። ከዚያ ሞክራችሁ የሆነውን ወደ ግሩፑ መልሱ። አብዛኛው ግሩፕ የሚሞተው ሁሉም ወስዶ ማንም ስለማይመልስ ነው።

ለዚህ ሥራ ከ5 እስከ 8 ሰው ያለበት፣ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ግሩፕ ከትልቁ ይበልጣል። የደብተር ፎቶ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ስለሚታመቅ ጽሕፈቱ ይደበዝዛል። የተማሪው ስም መሸፈኑን አትርሱ። የክፍል ቪዲዮ ደግሞ ያለ ትምህርት ቤቱና ያለ ወላጆች ፈቃድ የትም አይለጠፍ። ትልልቅ ግሩፖች ውስጥ ያላችሁም ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስልክ ቁጥራችሁ ለማንም እንዳይታይ አድርጉ።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) መሣሪያዎች የተሳሳተውንም በሙሉ ልብ ስለሚናገሩ የመልስ ቁልፍ አታሠሯቸው። «በዚህ ርዕስ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸውን አምስት መንገዶች ዘርዝር» ብትሏቸው ግን ለምርጫ ጥያቄ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ይሰጧችኋል፤ የሚጠቅመውን የምትለዩት እናንተው ናችሁ። የኦንላይን ኮርስም መልካም ነው፤ ብቻችሁን አትጀምሩት እንጂ። አብሮ የሚማር አንድ ባልደረባ ከሌለ ብዙው ሰው ሳይጨርስ ይተወዋል።

ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች አንድ ነገር ልበል። መምህራኑ ቅጂዎቻቸውን አብረው የሚያዩበት 40 ደቂቃ በየሁለት ሳምንቱ በፕሮግራም ያዙላቸው። ቪዲዮው የመምህሩ ንብረት ይሁን፤ ለማን እንደሚያሳይም እሱ ይወስን። አንድ ጊዜ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መሙያ ከዋለ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረጸው ለካሜራ የተለማመዱት ትምህርት ብቻ ይሆናል።

አመሰግናለሁ።