የእንግዳ ክፍል ቴሌቪዥን፦ ምን እንግዛ፣ ምን እንተው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሆቴል ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች፣ የጥገናና የአይቲ ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ሁሉ፦ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የመክፈቻ ንግግር ሲባል ስለ ዘርፉ ዕድገትና ተግዳሮት ረዘም ያለ ወሬ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ ከዚያ ተርፋችኋል። የማወራው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ በየእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ቴሌቪዥን። ዓመቱን ሙሉ አባላት ደጋግመው የጠየቁኝ ስለ እሱ ነው። ስማርት ቲቪ እንግዛ? ወይስ ተራ ስክሪን ገዝተን ከኋላው ከኢንተርኔት ወይም ከስልክ ፊልም የሚያመጣ ትንሽ ሳጥን እንሰካ? የድሮውን ኬብል እናውጣው? ወይስ ሁሉን ነገር ለአንድ አቅራቢ አስረክበን እንገላገል?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ቶሎ የሚያረጅ ነገር አለ፣ ቀስ ብሎ የሚያረጅም አለ። ሁለቱን አጣብቆ በአንድ ውል የሚሸጥላችሁን ሰው ጠርጥሩት።

እስቲ መጀመሪያ እንግዳውን እንየው። ክፍሉ ገባ፣ ሻንጣውን አስቀመጠ፣ ስልኩን ከዋይፋይ ጋር አገናኘ፣ ከዚያ ሪሞቱን አነሳ። አንዱ ዜና ይፈልጋል። አንዱ ኳስ። ልጆቹን ካርቱን ላይ አስቀምጦ ሻወር መግባት የሚፈልግም አለ። ቤቱ የጀመረውን ተከታታይ ድራማ እዚህ መጨረስ የሚፈልገው ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ፊልሙን ከእኛ አይጠብቅም፤ ይዞት መጥቷል። የሚፈልገው ትልቅ ስክሪንና የማይቆራረጥ መስመር ነው።

ይህ የመጣው በአንድ ሌሊት አይደለም። ድሮ ሆቴሎች ክፍል ውስጥ ፊልም በክፍያ ያሳዩ ነበር፤ ሒሳቡ ከክፍሉ ኪራይ ጋር ይደመራል። በአሜሪካ ይህን ንግድ በስፋት ይሠራ የነበረው ሎጅኔት እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2015 የሆቴል ኩባንያው ማሪዮት ፊልም በኢንተርኔት ከሚያሳየው ኔትፍሊክስ ጋር ተስማምቶ እንግዶች በራሳቸው አካውንት ክፍላቸው ውስጥ እንዲያዩ ማድረግ ጀመረ። የፊልም ኪራይ ገቢን ዛሬም በዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባ አባል ካለ፣ በሻይ ሰዓት አግኝቶኝ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ወደ እርጅናው ልመለስ። ግድግዳ ውስጥ የገባ ጥሩ ኬብል እኛ ጡረታ ወጥተንም ይሠራል። ስክሪኑም ደህና ከሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሶፍትዌሩ ግን ዕድሜው በእጃችን አይደለም። በ2015 ዩቲዩብ የቆየ አሠራሩን ሲዘጋ፣ በ2012 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ስማርት ቲቪዎች ላይ የነበረው መተግበሪያ ሥራ አቆመ። በ2019 መጨረሻ ኔትፍሊክስ ከአንዳንድ የቆዩ የሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ ጠፋ። ስክሪኖቹ ምንም አልሆኑም። ብርሃናቸውም፣ ቀለማቸውም እንደነበረ ነው። እንግዳው ግን “ይሄ ቲቪ አይሠራም” ብሎ ሪሴፕሽን ይደውላል።

“እንግዲያው ሳጥን እንሰካ” ትሉኝ ይሆናል። ሳጥኑም ያረጃል። ቲቪ ላይ ተሰክቶ ስልክ ላይ የተመረጠውን ፊልም የሚያሳየው የጉግል ክሮምካስት በ2013 ሲወጣ ርካሽና ቀላል ስለነበር ብዙ ሆቴሎች ወደዱት። በ2024 ጉግል ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በማርች 2025 ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በየቦታው ባንድ ጊዜ ተንገራገጨ፤ ውስጡ ያለ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ ነበር። ጉግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው። ለሆቴል ግን እነዚያ ቀናት ረጅም ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኔትፍሊክስ ራሱ ከስልክ ወደ አብዛኞቹ ቲቪዎች ካስት ማድረግን፣ ማለትም ስልክ ላይ የመረጡትን ቲቪው ላይ ማጫወትን፣ አስቀረ። “ካስት ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል” ይሉ የነበሩ ሻጮች ድምፃቸውን ቀነስ አድርገዋል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሳጥን ሲያረጅ ሳጥኑን ትነቅላላችሁ። ሁሉም ነገር ቲቪው ውስጥ ተቀብሮ ሌላ መግቢያ ከሌለው፣ ወይም ውሉ ሌላ ነገር መሰካትን ከከለከለ፣ መውጫ የላችሁም። ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ጥሩ የሆቴል ስክሪን ግዙ። ሳጥን ወይም ላፕቶፕ የሚሰካበት ክፍት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይኑረው። ውስጡ ያሉትን መተግበሪያዎች እንደ ምርቃት ቁጠሯቸው፤ እስከሠሩ ድረስ ይሥሩ። ከስልክ የሚያገናኘውን ክፍል ግን የአጭር ጊዜ ዕቃ አድርጋችሁ በጀት ያዙለት።

በነገራችን ላይ ያንን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚቆልፉ ሆቴሎች አሉ። እንግዳ ሰክቶ ነቅሎ ያበላሻል ብለው ይፈራሉ። እኔ ክፈቱት ባይ ነኝ። ከጠረጴዛው አጠገብ አውጡለት። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ላፕቶፕ ያለው ሰው ያመሰግናችኋል።

አሁን ገንዘቡ በእርግጥ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ቻናሉንና ኢንተርኔቱን ወደየክፍሉ በሚያደርሰው መስመር ላይ። ብዙዎቻችን ስክሪን ስንመርጥ ሳምንታት እንከራከራለን፤ መስመሩን ግን ሕንፃው ሲሠራ ለነበረ ሰው ትተነዋል።

ቀጥታ ቻናልና ከኢንተርኔት የሚመጣ ፊልም መስመሩ ላይ የሚጫኑት በተለያየ መንገድ ነው። ቀጥታ ቻናል በአይፒ መስመር፣ ማለትም ኢንተርኔቱ በሚሄድበት ዓይነት ኔትወርክ፣ ሲሠራጭ፣ አንድ ቻናል አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። አሥር ክፍል አየው፣ መቶ ክፍል አየው፣ ከዋናው መሣሪያ የሚወጣው ጭነት ያው ነው። አንድ ጥራት ያለው ቻናል 8 ሜጋቢት በሰከንድ ቢወስድ፣ 40 ቻናል 320 ሜጋቢት ነው፤ አለቀ። ይህ እንዲሆን ግን መስመሩን ለክፍሎቹ የሚያከፋፍሉት ስዊቾች ማን የትኛውን ቻናል እንደጠየቀ ለይተው ለእሱ ብቻ የሚልኩ መሆን አለባቸው። ቴክኒሻኖቻችን አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚሉት ይኼንን ነው። ይህ ካልተስተካከለ ሁሉም ቻናል ወደ ሁሉም ክፍል ይጎርፋል። ከዚያ ምስሉ ይቆራረጣል፣ እኛ ደግሞ ቲቪውን እንረግማለን።

ከኢንተርኔት የሚመጣው ግን ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነው። ኔትፍሊክስ ለሙሉ ኤችዲ 5፣ ከእሱ ለሚበልጠው የምስል ጥራት ለፎርኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል። 100 ክፍል ያለው ሆቴል አስቡ። ማታ 40ው ክፍል ባንድ ጊዜ ፊልም ቢከፍት በኤችዲ 200 ሜጋቢት፣ በፎርኬ 600 ሜጋቢት ይፈልጋል። ይኼ የስልክና የላፕቶፕ ጭነት ሳይጨመር ነው። የኢንተርኔት ውላችሁን ይህን ሒሳብ ይዛችሁ እንደገና አንብቡት።

የድሮው ኮአክሲያል ኬብል፣ ያ ክቡ የአንቴና ገመድ፣ የግድ ይውጣ አልልም። ለቀጥታ ቻናል አሁንም ጎበዝ ነው፤ በላዩ ላይ ዳታ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎችም አሉ። አዲስ ሕንፃ ወይም ሙሉ እድሳት ከሆነ ግን ኔትወርክ ኬብል ለእያንዳንዱ ቲቪ ይግባ። የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ወሰኑ 100 ሜትር መሆኑን አትርሱ፤ ኮሪደሩ ረጅም ከሆነ ፋይበር ያስፈልጋል። ቲቪን በዋይፋይ ማገናኘት እኔ አይገባኝም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የትም የማይሄድ ዕቃ ነው። ዋይፋዩን ለሚንቀሳቀሱት እንተውላቸው።

ስለ ስክሪኑ ጥቂት ልበል። የቤት ቲቪ ከገበያ ገዝቶ መስቀል ርካሽ ይመስላል። ዋስትናውን ግን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ የንግድ አገልግሎትን አይሸፍንም። እንደ ኤልጂ፣ ሳምሰንግና ፊሊፕስ ያሉት ለሆቴል ለይተው የሚሠሯቸው ሞዴሎች አሏቸው። እነዚህ የድምፅ ጣሪያ አላቸው፤ ሲከፈቱ የትኛው ቻናል ላይ እንደሚጀምሩ ይወሰናል፤ እንግዳ ገብቶ የሚያበላሸው ሜኑ ይቆለፋል፤ የአንዱን ቅንብር በፍላሽ ገልብጦ ለሌላው መጫን ይቻላል። መቶ ቲቪ አንድ በአንድ በሪሞት ያስተካከለ ቴክኒሻን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ፎርኬ ይኑረው አይኑረው የሚለውን ብዙ አልጨነቅበትም። አልጋው ከ43 ኢንች ስክሪን ሁለት ሜትር ተኩል ከራቀ፣ ጤነኛ ዓይን እንኳ ከሙሉ ኤችዲ የሚለየው በጭንቅ ነው።

አሁን ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳን የሚገባው ጉዳይ። ቤት ውስጥ ስልክ ቲቪ ሲፈልግ “እዚህ መስመር ላይ ቲቪ አለ?” ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ያሉት ሁሉ ይመልሱለታል። ቤት ውስጥ ችግር የለውም። ሆቴል ውስጥ ግን የአንዱ ክፍል እንግዳ የጎረቤቱ ቲቪ ላይ ሊያጫውት ነው። ዝርዝሩን ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ። ስለዚህ በዋይፋዩ ላይ እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይደረጋል። ያ ሲደረግ ደግሞ ካስት ማድረግ አይቻልም። መሐል ላይ ስልኩን ከራሱ ክፍል ቲቪ ጋር ብቻ የሚያጣምር ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንግዳው ስክሪኑ ላይ የወጣውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ያነሳል፤ በቃ። አፕል በ2024 ከአይፎን ወደ ቲቪ የሚያጫውተውን ኤርፕሌይን በኤልጂ ቲቪዎች አይኤችጂ ወደተባለው ኩባንያ ሆቴሎች ያስገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ነገር መውጫው ነው። እንግዳው ቼክ አውት ሲያደርግ፣ የገባበት አካውንት ሁሉ ወዲያው መጥፋት አለበት። ይህ በሰው ትዝታ የሚሠራ አይደለም፤ ቲቪው ከሪሴፕሽኑ ሥርዓት ጋር ተገናኝቶ ራሱ ማጥፋት አለበት። ሻጩ “ያደርጋል” ካላችሁ አትመኑት። በሙከራ ክፍል ውስጥ ግቡ፣ ቼክ አውት በሉ፣ እንደገና ግቡና እዩ።

አንዳንዶቻችን አንድ የግል የኔትፍሊክስ አካውንት ከፍተን ለሁሉም ክፍል ማድረግ ያምረናል። የአገልግሎቱ ውል ለግል አጠቃቀም እንጂ ለንግድ አይፈቅድም። እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ስማርት ቲቪዎች ምን እንደሚታይባቸው መዝግበው ወደ አምራቹ ሊልኩ እንደሚችሉም እወቁ። በ2017 ቪዚዮ የተባለው አምራች በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ቅንብሩን አጥፉት፣ ማይክራፎን ካለውም ዝጉት።

ሪሞትን በተመለከተ አጭር ነው። ቁልፎቹ ጥቂት፣ በእጅ የሚለዩ ይሁኑ። ንግግሩን ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ የሚያወጣው ማብሪያ በአንድ ቁልፍ ይገኝ፤ መስማት የሚያስቸግረው እንግዳ ሪሴፕሽን መደወል የለበትም። ክፍል የሚያጸዱ ባልደረቦቻችንም በየቀኑ ይጥረጉት። በ2012 የሆቴል ክፍሎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ብዙ ባክቴሪያ ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ሪሞቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቅራቢዎች እዚሁ አዳራሽ ዕቃቸውን ያሳዩናል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለው፦ ሁላችንም ለሁሉም አቅራቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። ሶፍትዌሩን እስከ መቼ ታድሳላችሁ? ውሉን ብናቋርጥ ስክሪኑ ብቻውን ይሠራል? አካውንቱ እንዴት እንደሚጠፋ አሁን ታሳዩናላችሁ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ቀጥታ ቻናሉ ይቀጥላል? ረቂቁ ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። የሚጨመረውን ጻፉበት፣ የማይረባውን ሰርዙት፤ ከምሳ በፊት በድምፅ እናጸድቀዋለን።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።