ሳያዩ ማከም ይብቃ፦ ደሴ ውስጥ በሰፈራችን እድር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሼሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

የእድራችን ዳኛ «ሲስተር፣ እንደ አምናው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት አስር ደቂቃ ተናገሪልን» ብለውኝ ነበር። ጽፌም ነበር። ትናንት ማታ ግን ወረቀቱን ቀደድኩት። ዛሬ የማነሳው በዚህ ድንኳን ስር ተነስቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ የመቀመጫ ማሳከክ። በስሙ ልጥራው፣ የፊንጢጣ ማሳከክ። ስንቶቻችሁን አዋልጃለሁ፣ የሞተብንን አብረን ቀብረናል። በእኔና በእናንተ መካከል የሚያሳፍር ገላ የለም።

የአንድ ሾፌር ነገር ልንገራችሁ። የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም፤ ተናገሪው ብሎ ፈቅዶልኛል። ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ ነው። የአፋርን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ላብ ከወገብ ይወርዳል፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይጠራቀማል። ጉዳዩን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ ያውም አቦሉም ቶናውም አልፎ በረካው ላይ፣ ሰው ሁሉ እስኪነሳ ጠብቃ። «ሲስተር፣ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ሲያክ ያድራል። አንሶላው ላይ ደም አየሁ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ለቅሶ ቤት በአንድ ጎኑ ሲቀመጥ እያየን ወገቡን ነው ስንል ኖረናል።

መጀመሪያ ለራሱ «ኪንታሮት ነው» አለ። እኛ ዘንድ ከኋላ የሚያም ሁሉ ኪንታሮት ነው። አንድ ሰው በብልቃጥ የያዘውን ቀባውና ቆዳው ተላጠ። ቀጥሎ ቆሽሼ ነው አለና በቀን ሦስቴ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ይፈትገው ጀመር፤ ዴቶልም ጨመረበት። ሲብስ ጊዜ ጓደኛው ለፊት ማጥሪያ የሚሸጠውን ኃይለኛ ቅባት ሰጠው። ስቴሮይድ የሚባል፣ ማሳከክን የሚያበርድ ግን ሲቆይ ቆዳ የሚያሳሳ መድኃኒት ነው፤ ማሳከኩን ለሳምንት ጸጥ አደረገለት። እሱም ሁለት ዓመት ቀባው። እኔ ባየሁት ቀን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ሳስቶ፣ ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ፣ ሲነካ ይደማ ነበር።

ያ ሁሉ ሳይሆን፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ይህ ሰው ጤና ተቋም ሄዷል! የት እንደሆነ አልናገርም። በሩ ክፍት፣ ሁለት ሰው ከጎን ተቀምጦ፣ ባለሙያው ጮክ ብሎ «ምንህን ነው?» አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ባለሙያው ከባልደረባው ጋር ተያይቶ ሳቀ። ልይህ አላለውም። ጓንት አላጠለቀም። የኪንታሮት ቅባት ጽፎ ሸኘው። በዚያች ሳቅ ምክንያት ሰውየው ሁለት ዓመት ለሌላ ባለሙያ ሳይተነፍስ ኖረ።

ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ እዚህም አላችሁና ስሙኝ። ጥርሱን የታመመውን አፍህን ክፈት ትሉታላችሁ። ዓይኑን የታመመውን በባትሪ ታያላችሁ። መቀመጫውን የታመመው ምን በደለ? በሩን ዝጉለት! ጓንት አጥልቁ! እዩት! ይህንን ስል እጄ ንጹህ ሆኖ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ያሳክከኛል ብለውኝ፣ አፍሬ ሳላያቸው ቅባት ሰጥቼ ሸኘሁ። ተመልሰው ሲመጡ የውስጥ ልብሳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ የሚንቀሳቀስ፣ ጠፍጣፋ ነጭ የኮሶ ቁራጭ ነበረበት። ኮሶ በጥሬ ሥጋ የሚገባ፣ ቁራጩም ራሱ እየተሳበ የሚወጣ ነው። ባይ ኖሮ በክኒን የሚያልቅ ነገር ነበር። እኒያን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። ሳሙናው ለምን አባሰበት? የዚያ አካባቢ ቆዳ ስስ ነው፤ የሚጠብቀው የራሱ ወዝ ነው። ሳሙና ወዙን ይገፋል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ሲታከክ ይቆስላል፣ ቁስሉ መልሶ ያሳክካል። ቆሻሻ ነው ብሎ የሚፈትግ ሰው በሽታውን በእጁ እያሳደገ ነው።

ያደረግነው ይህ ነው። ሳሙናው፣ ዴቶሉ፣ ቅባቱ ሁሉ ቆመ። ከተጸዳዳ በኋላ በለብታ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፤ ማሸት የለም። ኢስቲንጃ የምታደርጉ፣ ማለትም ከተጸዳዳችሁ በኋላ በውሃ የምትታጠቡ ወገኖቼ፣ ውሃው ከማንኛውም ሶፍት ይሻላል፤ የጎደለው ማድረቁ ነው፣ እርጥበት ቆዳውን ያላቁጠዋል። የጥጥ የውስጥ ልብስ፣ ሰፋ ያለ። ላዩ ላይ ስስ የዚንክ ቅባት። ሐኪሙ ቀለል ያለ ስቴሮይድ ቅባት፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ አዘዘለት፣ ከሁለት ሳምንት ላያልፍ። ጥፍሩን ቆረጠ። አሁን የሚከብደውን ልናገር፤ ቡናውን ቀነሰ። ወሎ ላይ ቆሜ ቡና ቀንሱ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ! ግን ቡና የፊንጢጣን ማሰሪያ ጡንቻ ያላላል፤ የምታመልጠው ጥቂት እርጥበት ቆዳውን ትበላዋለች። በርበሬም አንዳንዱን ሲወጣ ያቃጥለዋል። እሱ ከአቦሉ በኋላ መነሳት ለመደ። በስድስተኛው ሳምንት ሚስቱ «ሌሊቱን ሙሉ ተኛ» ብላ ደወለችልኝ።

የቀረውን ባጭሩ። ልጅ በሌሊት ካከከ፣ የክር ቁራጭ የምታህል ነጭ ትል ሌሊት ወጥታ እንቁላል እየጣለች ይሆናል። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ ይውሰድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ አንሶላውም ይታጠብ። ጫት የሚያደርቃችሁ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ብሉ፤ ማማጥ ይሰነጥቃል። ዳኛችንም ስኳርን አልረሳሁባቸውም፤ ስኳር ያለበት ሰው በፈንገስ ምክንያት ሊያሳክከው ይችላል። ደም የሚያይ፣ እብጠት የሚዳስስ፣ የሚከሳ፣ ሰገራው ከወትሮው የተለወጠበት፣ ወይም በሳምንታት የማይሽር ቁስል ያለው ግን በቅባት አይዘናጋ፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

አብሽሩ፣ ጨርሻለሁ። ቡናው እስኪፈላ ከእቃ ቤታችን ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። በሯ ይዘጋል፤ ጓንትም ይዣለሁ።