ግድግዳው ሳይፈርስ ምን ይወሰን? የቤት እድሳት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በሬዲዮ ፕሮግራማችን ስለ ቤት እድሳት የስልክ መስመራችንን የከፈትን ቀን ጥሪው ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልበቃ ብሎ ብዙ መልስ በእንጥልጥል ቀረ። ስለዚህ የተወሰኑትን ጥያቄዎች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልሳቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካሁም።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ ቤታችንን በሚቀጥለው ሳምንት ማፍረስ ልንጀምር ነው። ሴራሚኩን፣ የሻወሩን ዕቃና የሽንት ቤት መቀመጫውን ገና አልመረጥንም። ባለቤቴ "ሥራው እየሄደ እንመርጣለን" ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ባለቤትዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን እኔ ካየሁት የእድሳት ጣጣ ብዙው የሚጀምረው ከዚችው "እየሄደ እንመርጣለን" ነው።

ሻወሩ ላይ የሚታየው እጀታ መጨረሻ ላይ የሚገጠም ይመስላል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ዓይነት ከሆነ ግን ዋናው አካሉ የሚገባው ገና ልስን ሳይነካ ነው። የእጅ መታጠቢያውም እንደዚያው። ቧንቧው ሳህኑ ላይ የሚቆም ከሆነ ውሃው ከታች ይመጣል። ከግድግዳ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከሳህኑ በላይ መምጣት አለበት። ሳህኑ ሳይታወቅ ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን የት ያውጣው? ይገምታል። ግምቱም በሴራሚክ ይሸፈናል።

የሽንት ቤት መቀመጫ ከሁሉም ይብሳል። የአንዳንዱ ፍሳሽ ወደ ወለል ይወርዳል፣ የአንዳንዱ ወደ ግድግዳ ይገባል። ወደ ወለል በሚወርደው ላይ፣ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሃል ያለው ርቀት እንደየሞዴሉ ይለያያል። የሚለካውም ካለቀለት ግድግዳ ነው። ባዶውን ብሎኬት ለክተው ቀዳዳ ካስወጡ፣ ልስኑና ማጣበቂያው ከነሴራሚኩ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይበሉብዎታል። መቀመጫው ሲመጣ አልገባ ይላል። ያኔ ወይ ዕቃው ይመለሳል ወይ አዲሱ ወለል ይቆፈራል። በነገራችን ላይ ከመቀመጫው መሃል እስከ ጎን ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፊቱ ደግሞ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ። ጉልበትዎ ያመሰግንዎታል።

ሁሉንም ዛሬ ይግዙ እያልኩ አይደለም። ሞዴሉን ወስነው የልክ ወረቀቱን ለባለሙያው ይስጡት። ሴራሚኩን ግን ቀድሞ መግዛት ጥሩ ነው። ልኩ ሳይታወቅ የአቀማመጡ ንድፍ አይወጣም፤ ንድፍ ካልወጣ ደግሞ በሩ ሥር፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ትቀራለች። ሲገዙ 10 በመቶ ይጨምሩ። በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ 15 በመቶ ያድርጉት። በኋላ ጎድሎ ቢገዙ ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ያቺ ትንሽ ደግሞ ወለል ላይ ታስታውቃለች።

የፎጣ መስቀያውና መጋረጃው ይቆዩ፣ ግድ የለም። መስታወቱም ይቆይ። መብራት ያለበት መስታወት ካማረዎት ግን እሱም ገመድ ይፈልጋልና አሁን ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ኩሽናውን ከሳሎን ጋር መቀላቀል እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ መሃል ያለውን ግድግዳ አንኳኳና "ባዶ ድምፅ አለው፤ ሸክም የለበትም፣ አፍርሰው" አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኝነታችሁ ይቆይ፤ ግድግዳውም ለጊዜው ይቆይ። ድምፅ ስለ ሸክም አይናገርም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲንኳኳ ባዶ ይመስላል። ግን ጣሪያቸውን በብሎኬት ግድግዳ የተሸከሙ ቤቶች ሞልተዋል።

መታየት ያለበት ከግድግዳው በላይ ያለው ነው። ቤትህ በኮለንና በቢም፣ ማለትም በኮንክሪት ምሰሶና በላዩ በሚጋደመው አግዳሚ፣ የቆመ ከሆነ የመሃሉ ግድግዳ ብዙ ጊዜ መሙያ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ከላዩ ሌላ ግድግዳ ካለ፣ የጣሪያው እንጨት ካረፈበት፣ ወይም ቤቱ ኮለን የሌለው ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። መሐንዲስ መጥቶ ይየው። አፓርታማ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ቧንቧም በዚያው ሊያልፍ ይችላል። ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት ሳይፈቅዱ መዶሻ አታንሳ።

ይፈርሳል ከተባለ በኋላም አትቸኩል። እላዩ ላይ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎችና ሶኬቶች ወዴት ይሄዳሉ? ግድግዳው የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠባሳ ይተዋል፤ ኮርኒሱ ላይም እንዲሁ። በምን ይሸፈናል? የምግቡ ሽታስ? እስከ ዛሬ ግድግዳው ይከለክለው ነበር፤ ከፈረሰ በኋላ ግን ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው። የጭስ መሳቢያው ቱቦ በየት በኩል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ካቢኔው ሳይታዘዝ ወስን።

ጥያቄ፦ ለአንድ መኝታ ቤት ስንት ሶኬት ይበቃል? ኤሌክትሪሺያኑ ቁጥር ንገሩኝ እያለኝ ነው።

መልስ፦ ቁጥር አይስጡት። የዕቃውን አቀማመጥ ይስጡት።

የወረቀት ፕላስተር ይያዙና ወለሉ ላይ አልጋውን በትክክለኛ ልኩ ይሳሉት። ቁም ሳጥኑንም ይሳሉት፤ በሩ ሲከፈት የሚይዘውን ቦታ ጭምር። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ያስቡ። ማታ ሲገቡ እጅዎ መብራቱን የት ይፈልገዋል? ስልክዎ የት ይተኛል? ልብስ የት ይተኮሳል? ሌሊት ሲነሱ ሳይደናበሩ መብራት ያገኛሉ? እንዲህ ሲያስቡ ሶኬቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይናገራሉ። ያለዚያ ሶኬቱ ልክ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ተደብቆ ይቀርና ዕድሜ ልክ በማራዘሚያ ገመድ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የራሴን ቤት ሳሳድስ የመኝታ ቤቴን በር መክፈቻ አቅጣጫ ቀየርኩ። ማብሪያውን ግን አላስነሳሁም። አሁን በሩን ከፍቼ፣ ገብቼ፣ በሩን መልሼ ዘግቼ ነው ከጀርባው መብራት የማበራው። ባለሙያ ነኝ ብዬ እያወራሁ! ማብሪያ ሁልጊዜ በማጠፊያው ሳይሆን በእጀታው በኩል ይሁን። መጀመሪያ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ይወሰን፣ ከዚያ ማብሪያው።

ለደረጃና ለረጅም ኮሪደር ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ይጠይቁ። ይህን በኋላ ልጨምር ቢሉ ግድግዳ መቦርቦር ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ከባድ ኃይል ስለሚስቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና የራሳቸው ብሬከር ያስፈልጋቸዋል፤ ከሶኬት መስመር ላይ አይቀጠሉም። ለወደፊቱ ደግሞ በአንድ ሁለት ቦታ ባዶ ቱቦ ያስቀብሩ። ገመድ ማስገባት ቢያስፈልግ ግድግዳው አይነካም።

አንድ ነገር አደራ። ቧንቧውና የገመድ ቱቦው ተዘርግቶ ልስን ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ያንሱ። ሜትር ዘርግተው፣ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ሲበሱ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የግድግዳ ቀለም ከሁሉ በፊት ልምረጥ?

መልስ፦ ከሁሉ በኋላ። የወለሉንና የካቢኔውን ቀለም ተከትሎ ቀለም መበጥበጥ ይቻላል፤ ቀለሙን ተከትሎ ወለል ማግኘት ግን ያደክማል። ሰፋ ያለ ካርቶን ቀብታችሁ ጠዋትም ማታም፣ በመብራትም እዩት።

ጥያቄ፦ ሳሎኑ ሴራሚክ፣ መኝታ ቤቶቹ የእንጨት ወለል እንዲሆኑ አስበናል። በሮቹን ቀድመን ልናዝዝ ነው። ትክክል ነን?

መልስ፦ በሮቹ ይቆዩላችሁ። መጀመሪያ ያለቀለት ወለል ከፍታ ይታወቅ። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል። ተገጣጣሚ የእንጨት ወለል ከነሥር ምንጣፉ ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱ በር ላይ ሲገናኙ እግር የሚያደናቅፍ እርከን እንዳይፈጠር ከሥራቸው ያለው ሊሾ፣ ማለትም የሲሚንቶው ንጣፍ፣ ነው ልዩነቱን የሚያካክሰው። በሩ ቀድሞ ከመጣ ወይ ወለሉን ይፍቃል ወይ ሥሩ ይቆረጣል።

መታጠቢያ ቤት ግን ከኮሪደሩ ትንሽ ዝቅ ይበል። ወለሉም በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ዘንበል ይበል። ውሃ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ተዳፋት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሌላው ጊዜ ነው። ሊሾ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ያታልላል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ግምት ለመጀመሪያዎቹ 4 ሴንቲ ሜትሮች፣ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ሳምንት ነው፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ሴራሚክ እርጥበትን ይታገሣል። እንጨት ግን ያብጣል፣ ይነሳል። እንጨቱ ከመነጠፉ በፊት እርጥበቱን በመሣሪያ ያስለኩ። ይህን የመድረቂያ ጊዜ ፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡት፤ የምትቸኩሉበት ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። ልጆቼ መታጠቢያ ቤቴን ሊያድሱልኝ ነው። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሦስት ነገር ብቻ ይንገሯቸው። መጀመሪያ፣ የሻወሩ መግቢያ ደፍ አይኑረው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው ወለሉ ሳይሠራ ነው፤ ፍሳሹ ዝቅ ብሎ መቀበር አለበት። ሁለተኛ፣ በሩ ሰፋ ይበል፤ ሲከፈት ሰው ሊያልፍበት የሚችለው ክፍተት ከ80 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። የሚከፈተውም ወደ ውጭ ይሁን። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በራሱ በወደቀው ሰው ይዘጋል። ሦስተኛ፣ መያዣ ብረት ዛሬ ባይፈልጉም ግድግዳው ይዘጋጅለት። ቀላል ክፍልፋይ ግድግዳ ከሆነ ከሴራሚኩ ጀርባ ወፍራም እንጨት ይግባበት። ሴራሚክ ብቻውን የሰው ክብደት አይችልም። የገባበትን ቦታም ፎቶ ያንሱት።

ጥያቄ፦ እድሳቱን ከጀመርን ሦስት ሳምንት ሆነን። ባለሙያው ጎበዝ ነው፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ እየደወለ "ይሄንን ምን ላድርገው?" ይለናል። እኔና ባለቤቴ ደግሞ የተለያየ መልስ እንሰጠዋለን።

መልስ፦ ሰውየው ጥፋት የለበትም። ወረቀቱ ሊነግረው የሚገባውን እናንተን እየጠየቀ ነው። እንዲያውም ጠያቂ ባለሙያ ይስጣችሁ። ከማይጠይቀው ነው መፍራት።

ሥራውን አንድ ቀን አቁሙትና ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ጻፉ። ወለሉ ምንድን ነው፣ የሚጀምረው ከየትኛው ጥግ ነው? ሴራሚኩ ግድግዳው ላይ እስከ የት ይወጣል? ሶኬቱ ከወለል ስንት ከፍ ይላል? የኩሽና መሥሪያ ቦታው ከፍታ ስንት ነው? የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዋናው አብሳይ አጭር ወይም ረጅም ከሆነ ግን በእሱ ክርን ይለካ። ፍሪጁና ምድጃው የትኞቹ ናቸው? ለካቢኔ ሠሪው የዕቃዎቹን ልክ ሳትሰጡ አታሠሩ። ፍሪጁ ከጎኑ አየር የሚያገኝበት ክፍተት፣ በሩም ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ቦታ ይፈልጋል።

ገጹን ግድግዳው ላይ ለጥፉለት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በስልክ አይነገር። ይጻፍ፤ ምን ያህል ገንዘብና ስንት ቀን እንደሚጨምር አብሮ ይጻፍበት። ግማሹ ለውጥ ዋጋው ሲጻፍ ብቻ ይቀራል። ከበጀታችሁም ከ10 እስከ 20 በመቶ አትንኩት። አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም፤ የዛገ ቧንቧ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ አንዳንዴም ማን እንዳስገባው የማይታወቅ ገመድ።

ለባለሙያው ስልክ የሚመልሰውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ማን ይሁን ነው ጥያቄው? እሱን እንኳ ለሬዲዮ አታምጡት፤ ማታ እቤታችሁ ተነጋግራችሁ ጨርሱት።