ላባውን እናውርደው

እንዴት ናችሁ ድሬዎች! በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ አቦ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ምስል ነው፣ ከፕሮግራም መስኮት ርዕስ በስተግራ ስላለችው አይከን።

አክስቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። በፓይተን ቋንቋ፣ መስኮት በሚሠራው መሣሪያው በቲኪንተር የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁላት፤ ቆይቼ ደግሞ የዱቤ መዝገብ ጨመርኩ። ሁለቱም ላይ ቲኪንተር ራሱ የሚያስቀምጠው አይከን፣ የላባ ምስል፣ እንዳለ ቀረ፣ እኔም ምን ችግር አለው ብዬ ተውኩት። አክስቴ ግን ማንበብ ብዙም አይሆንላትም። አንድ ቀን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት፣ ሁለት አንድ ዓይነት ላባ እያየች የቱን እንደምትጫን ግራ ሲገባት አየኋት። አፈርኩ። ርዕሱ ላይ «ዱቤ» ብዬ ስጽፍ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለሷ ግን የፕሮግራሙ ስም ምስሉ ነው።

ማስተካከሉ ሁለት መስመር ኮድ ነው። ፒኤንጂ የሚባለውን ዓይነት የምስል ፋይል በቲኪንተሩ ፎቶኢሜጅ ትጭኑና አይከኑን ለሚቀይረው ትዕዛዝ፣ ለአይኮንፎቶ ትሰጡታላችሁ። በትዕዛዙ ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያው ቦታ ላይ «ትሩ» (አዎ) ካላችሁ ኋላ የሚከፈቱት መስኮቶችም ያንኑ ይይዛሉ። አይኮንቢትማፕ የሚባልም አለ፤ እሱ ግን አይሲኦ የሚባለውን የአይከን ፋይል የሚቀበለው ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ስህተት ያወጣል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው የምስሉ ፋይል ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስሙን ብቻ ከጻፋችሁ ፓይተን የሚፈልገው ፕሮግራሙ በተነሳበት ፎልደር ነው እንጂ ኮዱ ባለበት አይደለም፣ ስለዚህ እናንተ ጋ ሲሠራ የነበረው ሱቅ ስትወስዱት «ፋይሉ የለም» ብሎ ቁጭ ይላል። የምስሉን መንገድ፣ ማለት ያለበትን አድራሻ፣ ከኮዱ ፋይል ተነስታችሁ ጻፉት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የመስኮቱ አይከን ተቀይሮ ታስክባሩ ላይ፣ ክፍት ፕሮግራሞች በሚደረደሩበት መስመር፣ የፓይተን ምልክት ሊቀር ይችላል፤ ፕሮግራማችሁን ከፓይተን ጋር ስለሚደምረው ነው። መስኮቱ ሳይከፈት በፊት የራሱን መለያ፣ አፕ ዩዘር ሞዴል አይዲ የሚባለውን ስጡት።

ምስሉን ግን አደራ! ርዕሱ ጋ ያላት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 16 በ16 ፒክስል ብቻ ናት። እኔ መጀመሪያ የባቡር ጣቢያችንን ፎቶ አሳንሼ ሞከርኩ፣ ምኑም የማይለይ ነጠብጣብ ሆነ። ከዛ ለዕቃው ቀይ በርበሬ፣ ለዱቤው ሰማያዊ ደብተር ሣልኩ። አንድ ነገር፣ አንድ ደማቅ ቀለም፣ በቃ። አክስቴ አሁን «የቱ ነው?» ብላ አትደውልም።

በሉ ጎበዝ፣ ላፕቶፕ የያዛችሁ አውጡ። ላባ ያለበት ፕሮግራም ያላችሁ ወደፊት ኑ፣ አሁኑኑ አብረን እንቀይረው።