ቁጥራችን ያልደረሰበት ሰው

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ምርምር ሕይወቴ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። የጥናት ወረቀቶቼን ዝርዝር የፈለገ ሰው አያጣውም፤ እሱን ልተወውና በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከልቤ ያልወጣውን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ። ቁጥራችን ያልደረሰበት ሰው የት ነው ያለው?

ጥያቄው ለጎንደር አዲስ አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተከፈተው በደምቢያ ሜዳ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሐኪም ከተማ ተቀምጦ በሽተኛ ቢጠብቅ ለቆላ ድባ ገበሬ እንደማይደርስለት በዚያ መከራ ታየ። ጤና መኮንኑ፣ የኮሚኒቲ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ገጠር እየወጡ የሠለጠኑት ለዚህ ነው። እኔም ኤፒዲሚዮሎጂን፣ የበሽታን ሥርጭትና መንስኤ የሚያጠናውን ሙያ፣ የተማርኩት ከነሱ ደቀ መዛሙርት ነው።

በኤች.አይ.ቪ. ዙሪያ የአገሪቱን ሥርጭት በመጀመሪያ የምንገምተው ለእርግዝና ክትትል ከመጡ እናቶች ደም ነበር። የሚበዙት እናቶች ደግሞ ከከተማና ከመኪና መንገድ ዳር የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት እየሄደ ሲመረምር፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ቫይረሱ የተገኘባቸው 1.4 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ከቀድሞው ግምት በጣም ያነሰ። በሽታው ባንድ ሌሊት አልሸሸም፤ የተቆጠረው ሰው ተለወጠ። ያን ጊዜ ብዙዎች በቁጥሩ ተከራከሩ። እኔ የማረከኝ ግን ቤት ለቤት የሚሄድ መርማሪ ቤት የሌለውን ከየት ያገኘዋል የሚለው ነገር ነበር።

ያንን ሰው ፍለጋ ነው መተማና አብደራፊ የወረድኩት። ክረምት ሲገባ የደጋው ወጣት ለአረም፣ ከዚያም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል። ውሎው ፀሐይ ላይ፣ አዳሩ ሜዳ ላይ፣ አንዳንዴም ግራር ሥር ነው። ካላዛር የሚባለውን፣ ጥገኛ ተሕዋሲ የሚያመጣውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ኑሮዋ በዚያው፣ በጋ ሲሆን በሚሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና በግራሩ አካባቢ ነው፤ የምትነክሰውም ሲመሽ ነው። የደጋው ልጅ በሽታውን አያውቀውም፤ ሰውነቱም አያውቀውም። አጨዳው አልቆ የሠራበትን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ትኩሳቱ ይነሣበታል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሥጋው ያልቃል። ትኩሳት ሁሉ ወባ በሚመስልበት አካባቢ ከሆነ ካላዛርን የሚጠረጥርለት ላያገኝ ይችላል። በቆላው መዝገብ የለም፣ በደጋውም መዝገብ የለም።

ኤች.አይ.ቪ. ካለበት ደግሞ ይብሳል። የካላዛር ጥገኛ ተሕዋሲ የሚደበቀው ጀርም ውጠው ሊገድሉ በተፈጠሩት ሴሎች ውስጥ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ለነዚያ ሴሎች ትእዛዝ የሚሰጡትን ሲዲ4 ሴሎች ያወድማል። ታማሚው ታክሞ ይነሣል፣ ያገረሽበታል፣ ተመልሶ ይተኛል። የቀድሞው የአንቲሞኒ መርፌ ለእንዲህ ያለ ሰው ራሱ አደገኛ ነበር። እዚሁ ጎንደርና አብደራፊ በተካሄደ የመድኃኒት ሙከራ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ከሚልቴፎሲን ጋር ሲሰጥ የተሻለ ውጤት ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ደስታዬ ወሰን የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው ሕክምና ማስረጃው የተገኘው እዚሁ፣ በሽታው ባለበት ምድር፣ ሕመማቸው ሳያግዳቸው ለጥናቱ ፈቃዳቸውን ከሰጡ ሰዎች ነው።

የኤ.አር.ቲ.፣ ማለትም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚሰጥበት ክሊኒክ፣ መዝገቦቻችንም ያንኑ ጥያቄ ያስነሣሉ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ነገር ግን በየመዝገቡ ቀጠሮው አልፎ «ጠፍቷል» የተባለ ሰው አለ። ክትትል ላይ የቀሩትን ብቻ ቆጥሮ ውጤቱን ማሳመር ይቻላል። የጠፉትን በስልክና በእግር ሲፈልጓቸው ግን አንዱ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሯል፣ አንዱ ጠረፍ ላይ ሥራ ገብቷል፣ አንዷ ጸበል ሰንብታለች፣ ጥቂት የማይባሉት አርፈዋል። (ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በይፋ መናገራቸው ስንቱን ወደ ሕክምና እንደመለሰ የሚለካ ጥናት ብናገኝ እንዴት በወደድኩ!) እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው በጥንዶች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ሕክምናን ቀድሞ መጀመር ቫይረሱ ለትዳር አጋር እንዳይተላለፍ የሚከላከለው በ96 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ከመዝገብ ሲጠፋ ቤቱ ያለችው ሚስቱም አብራ ለአደጋ ትጋለጣለች።

ልጆቼ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ለቆላው ጥናት ስታቅዱ መረጃ የምትሰበስቡበትን ጊዜ ለትራንስፖርት በሚመቸው ወር አትወስኑ፤ ሠራተኛው እርሻው ላይ ባለበት ወር ውረዱ። የነዳጁና የአበሉ በጀት ወረዳው ከተማ ላይ አይቁም፣ እስከ ካምፑ ይድረስ። መጠይቁ ላይም ከቀበሌውና ከቤት ቁጥሩ በፊት «ባለፈው ክረምት የት ሰነበቱ?» የሚል ጥያቄ ይግባ። የመጀመሪያውን መጠይቅ ስታረቅቁ ጥሩኝ፤ ጡረታ ብወጣም እመጣለሁ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።