«ለሹራብ የምደርሰው መቼ ነው?»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማነጋግራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከሸዋ ሮቢት የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እኅት ለቤተ ሰባቸው በርካታ የአንገት ልብስና ጥቂት ኮፍያ ከሠሩ በኋላ፣ መንዝ ለሚኖሩት አማታቸው ሙሉ ሹራብ ለመሥራት አስበው ክሩን ገዝተዋል፤ ክሩ ግን ከተገዛ ጀምሮ ልቃቂቱ እንዳለ ተቀምጧል፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ ይላሉ። «ወንድሜ፣ ለሹራብ የምደርሰው መቼ ነው?» ሲሉም ጠይቀውኛል። በነገራችን ላይ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሹራብ ጭን ላይ ዘርግቶ መሥራት ራሱ ትንሽ ድፍረት እንዳልሆነ ሳልናገር አላልፍም።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ነው። ተረቱን አልቃወምም፤ ሆኖም እንቁላሉ እግር የሚያወጣው ዶሮዋ ስትታቀፈው ነው እንጂ ቀን ስለቆጠረ ብቻ አይደለም። አንድን የአንገት ልብስ ደጋግሞ መሥራት እጅን ያፈጥናል፤ ክሩን የሚይዘውን ጣት ያፍታታል፤ ዐይን የምንላቸውን የክር ቀለበቶች መጠንም እኩል ያደርጋል። ነገር ግን አሥረኛው የአንገት ልብስ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር ስለማይጠይቅ፣ ሠሪው እንግዳ ነገር ሲገጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት አያስተምረውም። ብዙዎቻችንን ከከባድ ሥራ የሚያስቀረን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የተሠራው ነገር ቢበላሽ የሚመለስበትን መንገድ አለማወቃችን ነው። ስለዚህ ድፍረት የሚገኘው አብዝቶ ከመሥራት ይልቅ መተርተርንና መጠገንን ጠንቅቆ ከማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለእኅታችን የምመክረው የመጀመሪያ ሥራም ከዚሁ የመነጨ ነው። እኅቴ፣ ከተረፈ ክር ሠላሳ ያህል ዐይን በሹራብ መሥሪያው ዘንግ ላይ ይጣሉና (ይጀምሩና)፣ ቀጥና ግልብጥ ከሚባሉት ሁለቱ መሠረታዊ አሠራሮች በፊት ለፊቱ ቀጥ፣ በጀርባው ግልብጥ እየሠሩ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ያዘጋጁ። ከዚያም መሀል ላይ ካሉት ዐይኖች አንዱን ሆን ብለው ከዘንጉ ይልቀቁት። ቁራጩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳብ ሲያደርጉት ያ ዐይን ከሥሩ ካለው ዐይን ይላቀቃል፤ ያኛውም በተራው ከሥሩ ካለው ይላቀቅና ቁልቁል ይወርዳል፤ ባለፈበት ሁሉ አግድም የተዘረጉ ልል ክሮች ብቻ ይቀራሉ። ጥቂት ረድፍ ከወረደ በኋላ ሥራውን በፊት ለፊቱ ይዘው ኪሮሹን (ጫፉ እንደ መንጠቆ የሆነውን መሥሪያ) በተረፈው ዐይን ውስጥ ያስገቡ፤ ከበላዩ ያለውን የመጀመሪያውን አግድም ክር በኪሮሹ አፍ ጠልፈው በዐይኑ ውስጥ ጎትተው ያውጡት። በዚህ አንድ ረድፍ ተጠግኗል። ቀጣዩንም እንዲሁ፣ አንድም ሳይዘልሉ በተራቸው እየጠለፉ እስከ ዘንጉ ይውጡ። አንዱ ክር ከተዘለለ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ሲጨርሱ ጨርቁን ገልብጠው ይመልከቱ። ይህን ደጋግሞ የሠራ ሰው፣ ሙሉ ሹራብ በመሥራት ላይ ሳለ አንድ ዐይን ሲያመልጠው በድንጋጤ ሁሉንም አይተረትርም፤ ኪሮሹን ብድግ አድርጎ ይጠግነዋል።

ይህ ልምምድ ከጥገናም ያለፈ ነገር ያስተምራል፤ እርሱም የሹራብን ባሕርይ ነው። ሸማ የሚሠራው ድርና ማግ በሚባሉ ሁለት ወገን ክሮች ነው፤ ሹራብ ግን ከአንድ ክር ብቻ፣ ዐይን በዐይን ውስጥ እያለፈ የሚሠራ ነው፤ የሚለጠጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በአንድ ክር የተሄደበት መንገድ በዚያው ክር ተመልሶ ይመጣል። ወደ ኋላ ብዙ ረድፍ መተርተር ለሚያሳስባቸው ሌላም ዘዴ አለ። ትክክል መሆኑ በተረጋገጠ አንድ ረድፍ ላይ፣ ቀለሙ የተለየ ቀጭንና ለስላሳ ክር በወፍራም መርፌ ይዞ በዐይኖቹ ሁሉ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ከዚያ በላይ የተሠራው ቢተረተር እዚያ ክር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ዐይኖቹም ተሰካክተው ይጠብቃሉ። እኔ አዲስ ንድፍ በጀመርሁ ቁጥር ይህን ክር ሳላሳልፍ አልቀጥልም።

ቀጥሎ ያለው ነገር የሥራ ምርጫ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ሥራ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የማላውቀውን ነገር ብቻ እንዲይዝ አድርጌ እመርጣለሁ። ኮፍያ በዙሪያው መሥራትንና ዐይን መቀነስን አስተማረኝ፤ ለልኬት መሞከሪያም ከሁሉ ይሻላል፤ ቢሰፋ ለአባት፣ ቢጠብ ለልጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አይቶ የሚደነቅበትን ጉንጉን፣ ማለትም ዐይኖቹ እየተሻገሩ እንደ ሹሩባ የሚታዩበትን ንድፍ ሠራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጉንጉን የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም። ስድስት ዐይን ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በትንሽ ትርፍ ዘንግ ላይ አውርዶ ከፊት ማቆየት፣ ቀጣዮቹን ሦስት መሥራት፣ ከዚያም የቆዩትን መሥራት ነው። ከፊት ከቆዩ ጉንጉኑ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ከኋላ ከቆዩ ወደ ቀኝ። ልብ ሊባል የሚገባው ጉንጉን ጨርቁን ስለሚሰበስበው ተጨማሪ ዐይን መጣል እንደሚያስፈልግ ብቻ ነው። በአንጻሩ ማንም የማያደንቀው የካልሲ ተረከዝ ከጉንጉን የበለጠ አእምሮ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በክብ ሲሠራ የቆየው ነገር ተረከዙ ላይ ሲደርስ በግማሹ ዐይኖች ብቻ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ፣ ረድፉን ሳይጨርሱ መዞር፣ ከዚያም ከጎኑ ዐይን አንሥቶ ወደ ክቡ መመለስ አለበት። ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም፤ እስከ ዛሬ ከተገኙት እጅግ ጥንታውያን የሹራብ ሥራዎች መካከል በግብፅ የተገኙና ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚገመቱ የጥጥ ካልሲዎች አሉበት። ተረከዝ ማዞር የቻለ ሰው ሹራብ ያቅተኛል ቢል እኔ አላምነውም።

ወደ ሹራቡ ስንመጣ፣ በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችውና በ1999 እ.ኤ.አ. ያረፈችው የሹራብ ሥራ አስተማሪ ኤልሳቤጥ ዚመርማን ብዙ ሰው የገላገለ ስሌት ትታልናለች። ሐሳቧ የደረት ዙሪያው የዐይን ብዛት ከታወቀ ሌላው ሁሉ ከእርሱ በመቶኛ ይወጣል የሚል ነው። የአማትዎ ሹራብ የደረት ዙሪያ፣ ለመንቀሳቀሻ የሚተወው ስፋት ተጨምሮበት፣ 100 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ እጅዎ ደግሞ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ዐይን የሚሠራ ከሆነ 200 ዐይን ይጥላሉ። የእጅጌው አንጓ የዚህ 20 በመቶ፣ ማለትም 40 ዐይን ይሆናል፤ የእጅጌው ላይኛው ክፍል 33 በመቶ ሲሆን 66 ዐይን ነው፤ አንገቱ 40 በመቶ፣ 80 ዐይን ይደርሳል። አካሉም ሁለቱ እጅጌዎችም ለየብቻቸው በክብ እስከ ብብት ተሠርተው፣ እዚያ ሲደርሱ በአንድ ረጅም ባለ ገመድ ዘንግ ላይ ይገጠማሉና ወደ አንገት እየተቀነሰ ይወጣል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ልኬቱ እውነተኛ ሲሆን ነው። እጅዎ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ሳይሆን 22 ዐይን የሚሠራ ከሆነ፣ ያው 200 ዐይን የሚያወጣው 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ማነስ ደግሞ በአማትና በምራት መካከል የሚናቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ከዚያው ክር ትንሽ ናሙና ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ይለካ፤ ክር ከታጠበ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል። ከዚህም በላይ ሹራቡን ከእጅጌው እንዲጀምሩ እመክራለሁ። እጅጌ ትንሽ ስለሆነ ልኬቱ ቢዛነፍ የሚተረተረው ጥቂት ነው፤ ቢሰምር ደግሞ የሹራቡ አንድ ክፍል አለቀ ማለት ነው፤ ልቃቂቱም ካለበት ተነሣ።

አሁን በአገራችን ክር ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። እኅታችን የገዙት ክር ከገበያ የሚገኘው ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ለመማሪያ ይህን የሚያክል የለም፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ደጋግሞ መተርተርንም ይችላል። ነገር ግን ሹራቡ የሚሄደው መንዝ ነውና፣ የመንዝ በግ ጠጉር ለምን አይሆንም የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በርኖሱም፣ ዝተቱም፣ ባናውም ከዚሁ ጠጉር ተፈትሎ ተሸምኖ የጓሳን ብርድ የቻለ ነው። ጠጉሩ ግን ሸካራ ነው፤ ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ የሆነ የጠጉር ዘለላ ቆዳን እንደሚወጋ የታወቀ ስለሆነ፣ አንገት ላይ የሚያርፍ ልብስ ከዚህ ክር ባይሠራ ይመረጣል፤ ከሌላ ልብስ በላይ ለሚደረብ ሹራብ ግን እጅግ ግሩም ነው።

ሌላው ቁም ነገር የፈትሉ ጠባይ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ነጠላ ክር አክርሮ ስለሚጠመዘዝ፣ ሹራብ ሲሆን ያ ጥምዘዛ ለመፈታት ይታገላል፤ ውጤቱም ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ጨርቅ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ነው። በሽመና ድሩ ተወጥሮ ማጉ ስለሚጠቀጠቅ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ ለዝተት የሚበቃ ፈትል ለሹራብ ሳይበቃ ቢቀር የፈታይዋ ጥፋት አይደለም። መፍትሔው ሁለት ነጠላ ክሮችን አጣምሮ፣ መጀመሪያ ከተፈተሉበት በተቃራኒው አቅጣጫ መልሶ በእንዝርቱ መግመድ ነው፤ አንዱ ጥምዘዛ ሌላውን ያረጋጋዋል። አክስቴን ይህን በለመንኋቸው ጊዜ «የተፈተለውን መልሶ መፍተል ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብለው ተገርመው ነበር፤ የተገመደው ክር እጅ ላይ ሲንጠለጠል ሳይሸበለል ቀጥ ብሎ መውረዱን ባዩ ጊዜ ግን ቀሪውን ራሳቸው ጨረሱት።

ወንድ ሆኜ ሹራብ በመሥራቴ የሚገረሙ ሰዎች ዛሬም አሉ። በአገራችን ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ሆኖ ሳለ፣ መወርወሪያ የያዘው ወንድ ሳያስገርም እኔ ሁለት ዘንግ ስይዝ ለምን እንደሚያስገርም አልገባኝም፤ በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ ጊዜ አላጠፋም።

እኔ ራሴ አሁን የደረስሁበትን ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚሁ ከተገመደ የመንዝ ክር ፊቱ ክፍት የሆነ፣ በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ ልሠራ ነው፤ የምሠራው ግን እንደ ተዘጋ ሹራብ በክብ ነው፤ በመጨረሻ ደረቱን ከላይ እስከ ታች በመቀስ እቆርጠዋለሁ። በሰሜን አውሮፓ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚቻለውም ሸካራ የበግ ጠጉር በላዩ ባሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚቆይ ነው። አንገትን የሚወጋው ሸካራነት እዚህ ላይ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ክር ቢሆን ዐይኖቹ ወዲያው ይሾልኩ ነበር። ናሙናውን ሠርቼ፣ የሚቆረጠውን መስመር በግራና በቀኝ በስፌት መኪና አስሰፍቼ፣ መሀሉን ቆርጬዋለሁ፤ አጥቤ ሳበጥረውም አንድም ዐይን አልሾለከም። ለአካሉ የሚሆነው ጥቁር ጠጉር ገና እየተፈተለ ነው፤ ነጩ ግን ስለደረሰልኝ እጅጌውን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ። እኅቴም የእጅጌዎን 40 ዐይን ከጣሉ በኋላ ይጻፉልኝ፤ ስለ ብብቱ አገጣጠም በሚቀጥለው ዝግጅት በሰፊው እናገራለሁ። ደኅና ሰንብቱ።