ስም ያልተጻፈበት ላስቲክ

የተከበራችሁ የሽምብጥ ነዋሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ ለክትባቱ የመጣችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ልጆቼም፤ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ክትባቱ እንድናገር ነው፤ እናገራለሁ። ነገር ግን መድረኩን ከሰጣችሁኝ አይቀር፣ ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሳልተነፍስ አልወርድም።

ቡሌን ታውቋታላችሁ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበለትበት ቦታ ልጆቻችሁ በካርቶን አድርገው ያመጡልኝ ድመት ናት። ያን ጊዜ አንገቷንና ጆሮዋ ሥር እስኪደማ ድረስ ታክ ነበር። «ቁንጫ ነው» አላችሁኝ፤ ቁንጫውን አጠፋን፣ ቁስሉ ግን ባሰበት። ይዣት ሄድኩ። ባለሙያው አገላብጦ አያትና «አለርጂ ነው፤ የሰውነቷ መከላከያ አለቅጥ ተቆጥቶ የገዛ ቆዳዋን እያቆሰለ ነው» አለኝ። በምርመራው ቅሬታ የለኝም፤ ልክ ነበር። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ባለው ነው። ከትልቅ ዕቃ ነጫጭ ክኒን ቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ አሰረና «ጠዋት ጠዋት ግማሽ» ብሎ ሰጠኝ። ላስቲኩ ላይ ስም የለም። መጠን የለም። እስከ መቼ እንደምሰጣት የለም። «ምንድን ነው?» ብለው «የሚያሳክክ ነገር ማጥፊያ ነው» አለና በግ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ጠራ።

በወሩ ቁስሉ ደረቀ፣ ጸጉሯ በቀለ። ዳነችልኝ ብዬ ክኒኑን አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ቡሌ ከአልጋ ሥር አልወጣም አለች። ያስመልሳታል። የምትወደውን ቆሮሶ ቀቅዬ ባቀርብላት ፊቷን አዞረች። ስትነሣ የኋላ እግሯ ይከዳታል። «ድመት አይደለች እንዴ? ሌላ ታመጫለሽ» ያለኝ ሰው ነበር፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል፤ አልቀየምኩትም። ሌሊቱን ስኳር ውኃ ጠብ ጠብ ሳደርግላት አደርኩና በማለዳ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሮጥኩ። ላስቲኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ወደ መጀመሪያው ደወለና ጠየቀው። ፕሬድኒሶሎን ነበር፤ የተቆጣን የሰውነት መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት።

ወገኖቼ፣ እኔ 31 ዓመት ነርስ ነበርኩ! ፕሬድኒሶሎንን ለስንት የአስም በሽተኛ ሰጥቻለሁ፤ «በገዛ እጅህ በድንገት እንዳታቆም» እያልኩ ስንቱን እስከ በር ሸኝቻለሁ። ይህ መድኃኒት ለሳምንታት ከውጭ ሲገባ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ይተዋሉ። በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የሚቆመው በባለሙያ ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ይህን አውቃለሁ። ያላወቅሁት ላስቲኩ ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን ነው! አንድ ቃል ቢጻፍበት ኖሮ ቡሌ ያን ሁሉ ባላየች ነበር።

ለድመት ስለሆነ ስም አያስፈልገውም? ድመቷ አታነብም፤ እኔ ግን አነባለሁ! እኔ ባላነብ ልጄ ታነባለች፤ ልጄ ባትኖር ጎረቤቴ ያነባል! እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣት ባለሙያዎች፣ እጃችሁን እናከብራለን፤ ለከብቶቻችን በሌሊት የምትመጡ እናንተ ናችሁ። ግን ጻፉልን! የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ እንዴት እንደሚቀነስ ጻፉልን! ይህ ለእኛ የምትውሉት ውለታ አይደለም፤ መብታችን ነው!

ቡሌ ዳግም ጀምራ ዛሬ በሁለት ቀን አንዴ ትወስዳለች። አሰጣጡን ልንገራችሁ። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ጭንቅላቷን ብቻ አስወጣለሁ። በግራ እጄ ከላይ ጉንጮቿን ይዤ፣ በቀኜ የታችኛውን መንጋጋ ዝቅ አድርጌ ክኒኑን ከምላሷ በላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮዋ በኩል እጥላለሁ፤ አፏን ዘግቼ ጉሮሮዋን አሻለሁ። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ በጉንጯ በኩል ቀስ እያልኩ እሰጣታለሁ፤ ደረቅ ክኒን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላልና። ምግብ አስቀድማ ትቀምሳለች። ካስመለሳት ሌላ ክኒን አልደግምም፤ እደውላለሁ። አብዝታ ከጠጣች፣ ሽንቷ ከበዛ፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ከረጠበ ወይም ድንገት ከደከመች ነገ አልልም። ይህ መድኃኒት ስኳር በሽታም ያመጣል፣ ኢንፌክሽንም ይደብቃል። ከምግብ የራቀች ድመት ደግሞ በጥቂት ቀን ጉበቷ በስብ ይጎዳል።

ከሰው የተረፈ ክኒን አትስጡ። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ አንዷ ክኒን ትበቃለች። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ጨጓራ ያደማል። መከላከያን ለማብረድ ለሰው የሚታዘዘው አዛቲዮፕሪን የድመትን መቅኔ ያጠፋል።

ትናንት መስቀል ነበር። በየቤታችን ጥሬ ሥጋ ተቆርጧል፣ ቁርጥራጩም ወደ ድመቶቹ ተወርውሯል። መከላከያዋ በመድኃኒት ለተዳከመች ድመት ጥሬ ሥጋም፣ አይጥም፣ የዓሣ ሆድዕቃም አይሆንም። በጥሬ ሥጋና በአይጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ይገባል፤ አቅሟ ሲደክም ይነሣባታል። ቀቅላችሁ ስጡ። ኩሷን በየቀኑ በጓንት አንሡ፤ ተውሳኩ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ የሚበቃው ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቀን ነው። እርጉዝ ሴት አትንካው።

ክትባቱን በተመለከተ፤ በመርፌ የሚሰጠው የእብድ ውሻ ክትባት በአብዛኛው የሞተ ቫይረስ ነው፣ ሕያው አይደለም። ሆኖም መድኃኒት ላይ ያለች ድመት ያላችሁ፣ ከመርፌው በፊት ለባለሙያው የመድኃኒቱን ስም ተናገሩ። ስሙን የማታውቁ ላስቲኩን ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ እንጠይቅላችኋለን።

ሰልፉ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ውሻ የያዛችሁ በሐይቁ በኩል፣ ድመት የያዛችሁ በዋርካው በኩል ቁሙ። ቡሌ በዘንቢል ውስጥ ናት፤ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምገባው።